እያሳሳቀ የወሰደን ውሃ

ጉብሬ ውስጥ ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ «የማትረሱት የኦሊምፒክ የዋና ውድድር የቱ ነው?» ብትሉ መልሱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ትከሻ ይነቀነቃል፣ ወይ ስም ሳይጠራ ሳቅ ይቀድማል። ሳቁ በማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፦ ሮቤል ኪሮስ፣ ሪዮ፣ 2016። ማይክል ፌልፕስ 23 የወርቅ ሜዳሊያ እንዳለው የማያውቅ ልጅ እንኳ ሮቤልን ያውቀዋል። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ሲዞር ዓመታት አልፈዋል። ውድድሩን እንደ ውድድር ያየው ሰው ግን ብዙ አይመስለኝም። የታየው ቦርጩ ነው።

እዚህ ላደርግ የምፈልገው ቀላል ነገር ነው። ያንን ውድድር ከታላላቆቹ ጎን አስቀምጦ እንደገና ማየት። የምለውም አንድ ነው፦ ሳቃችን ሲነሳ ትክክለኛ ጥያቄ ይዞ ነበር፣ ጥያቄውን ግን መንገድ ላይ ጣለው። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

መጀመሪያ ትልቅ የሚባል ውድድር ምን እንደሚመስል እንይ። ቤጂንግ 2008፣ የወንዶች 100 ሜትር ቢራቢሮ። ፌልፕስ ግማሹን ርቀት ጨርሶ ሲዞር ሰባተኛ ነበር። መጨረሻው ላይ የሰርቢያው ሚሎራድ ቻቪች እጁን ዘርግቶ ወደ ግድግዳው ተንሳፈፈ፤ ፌልፕስ በዚያችው ቅጽበት አንድ አጭር ቀዘፋ ጨመረ። 50.58 ለ50.59። ቪዲዮውን በዓይናችሁ ብቻ ካያችሁት ቻቪች ያሸነፈ ይመስላችኋል። ሰርቢያም አቤት ብላ ነበር፤ ምስሉ ታየ፣ ውጤቱ ጸና።

እዚያው ቤጂንግ፣ የ4 በ100 ሜትር ፍሪስታይል ቅብብል። ለአሜሪካ የመጨረሻውን ተራ የወሰደው ጄሰን ሌዛክ 32 ዓመቱ ነበር። ከፊቱ ያለው ፈረንሳዊ አላን በርናር እስከዚያ ቀን ድረስ የ100 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን የእሱ ነበር። ሌዛክ ወደ ኋላ ቀርቶ ገባ፣ መጨረሻው 25 ሜትር ላይ ክንዱ በክንዱ እየተሳበ ደረሰበት፣ አሜሪካ በ3:08.24 ፈረንሳይን በ8 መቶኛ ሰከንድ ቀደመች። ከዚያ ደግሞ ቶኪዮ፣ 400 ሜትር ፍሪስታይል። የቱኒዚያው አህመድ ሀፍናዊ 18 ዓመቱ ነው፤ ወደ ፍጻሜው ከገቡት ስምንቱ መጨረሻ ሆኖ ነው ያለፈው። ስለዚህ ዳር ላይ፣ 8ኛው መስመር ተሰጠው። 8ኛ መስመር ላይ ያለን ሰው መሀል ያሉት ብዙም ልብ አይሉትም። 3:43.36 ዋኝቶ ወርቁን ወሰደ።

ሦስቱም የሚጋሩት ነገር ግልጽ ነው። እስከ መጨረሻዋ ክንድ ድረስ ማን እንደሚያሸንፍ አናውቅም። ፉክክር ዓይናችንን ይይዘዋል፤ ማን ቀደመ ማን ቀረ ስንል የሰውየውን መልክ፣ ሆድ፣ ትከሻ እንረሳዋለን። ፉክክር በሌለበት ግን ዓይን ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ ዓይን ደግሞ ሰውነት ላይ ያርፋል።

አሁን ወደ ሪዮ። ነሐሴ 3 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የወንዶች 100 ሜትር ፍሪስታይል ማጣሪያ። ሮቤል 1:04.95 ዋኘ፤ ከ59 ዋናተኞች 59ኛ። አብረውት የገቡት ጨርሰው እሱ ገና እየቀዘፈ ነበር። በፍጻሜው ያሸነፈው የአውስትራሊያው ካይል ቻልመርስ ሰዓት 47.58 ነው። ልዩነቱ 17.37 ሰከንድ። በኦሊምፒክ ደረጃ ይህ ሰፊ ነው፤ ማስተባበል አያስፈልግም። ግን እስቲ ቁጥሩን ከሌላ አቅጣጫ እንየው። መቶ ሜትር ውሃ፣ እግር ሳያስነካ፣ በአንድ ደቂቃ ከ5 ሰከንድ። ከሳቁት ሰዎች አብዛኞቹ እዚያው ገንዳ ጥልቁ ጋ ቢጣሉ የሚያስፈልጋቸው የሩጫ ሰዓት ሳይሆን ገመድ ነው።

የዓለም ሚዲያ ወዲያው ስም አወጣለት፦ ዓሣ ነባሪው። እኛም ተቀብለን አስተጋባነው። ስለ ስሞቹ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ስም ማውጣትም አንድ ዓይነት ሂስ ነው። ፌልፕስ «የባልቲሞር ጥይት» ይባላል። የአውስትራሊያው ኢያን ቶርፕ ስሙ ከቶርፔዶ ጋር ተዳቅሎ «ቶርፒዶ» ተብሏል። በሲድኒ 2000 የመጨረሻውን ሰዓት የዋኘው የኢኳቶሪያል ጊኒው ኤሪክ ሙሳምባኒ ደግሞ እባብ በመሰለው ዓሣ «ኤሪክ ዘ ኢል» ተባለ። ያሸነፈ የጦር መሣሪያ ይሆናል፣ የተሸነፈ አፍሪካዊ የባሕር እንስሳ። ጀርመናዊው ሚካኤል ግሮስም «አልባትሮስ» ተብሏል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን እሱም ክንፍ ነው የተሰጠው።

ሙሳምባኒን ካነሳን አይቀር፣ የእሱን ውድድር ሁሉም ይወደዋል። ዋና የጀመረው ከኦሊምፒኩ ጥቂት ወራት በፊት ነው፤ 50 ሜትር ገንዳም ከሲድኒ በፊት አይቶ እንደማያውቅ ራሱ ተናግሯል። አብረውት ሊዋኙ የነበሩት የኒጀርና የታጂኪስታን ዋናተኞች ከምልክቱ ቀድመው ዘለው ተሰረዙ፣ እሱ ብቻውን ገባ። መጨረሻው ላይ የሚሰጥም ሁሉ ይመስል ነበር። ታዳሚው ተነስቶ በጩኸት አደረሰው። 1:52.72። ከሮቤል በ48 ሰከንድ ገደማ የዘገየ ማለት ነው! ታዲያ ሙሳምባኒ ለምን ጀግና ሆነ፣ ሮቤል ለምን መቀለጃ ሆነ?

መልሱን እናውቀዋለን። የሮቤል አባት በወቅቱ የሀገሪቱ የውሃ ዋና ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ላይም ሰንደቅ ዓላማውን የያዘው ሮቤል ነበር፤ እነ ጥሩነሽ ዲባባ ባሉበት ቡድን ውስጥ። የሕዝቡ ቁጣ ከዚህ ነው የሚነሳው፣ ቁጣውም ተገቢ ነው። ብቁ ዋናተኛ ለሌላቸው ሀገራት ኦሊምፒክ ያለ ሚኒማ ጥቂት ቦታ ይሰጣል፤ ሙሳምባኒም በዚሁ በር ነው የገባው። ቦታው የሀገር ነው። ስለዚህ ማን እንደሚሄድ በምን መስፈርት ተወሰነ ብሎ መጠየቅ የዜጋ መብት ነው። የፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ልጅ ሲሄድ ደግሞ ጥያቄው እጥፍ ይሆናል፤ ልጁ ጎበዝ ቢሆን እንኳ።

ያሳዘነኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ጥያቄው ስለ መስፈርት ነበር፣ ፌስቡክ ላይ የተለጠፈው የሆድ ፎቶ ሆነ። ቀጭን ቢሆንና በ58 ሰከንድ 50ኛ ቢወጣስ? አንድም ሰው ስለ አመራረጡ ባልጠየቀ ነበር። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ለንደን 2012ን እዩ። ያኔት ስዩምና ሙሉዓለም ግርማ ኢትዮጵያን ወክለው 50 ሜትር ዋኝተዋል። ማን ሳቀ? ማንም። ማን ያስታውሳቸዋል? ማንም። እንዴት እንደተመረጡ፣ የት እንደሠለጠኑ፣ ምን እንደጎደላቸው የጠየቀስ? ለዋና ያለን ትኩረት በሳቅ ተጀምሮ በሳቅ የሚያልቅ ነው። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ አባባል አለው፦ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ። የወሰደብን ጥያቄያችንን ነው።

ያው ገንዳ፣ ያው ርቀት፣ ከሁለት ቀን በኋላ። የሴቶች 100 ሜትር ፍሪስታይል ፍጻሜ። አሜሪካዊቷ ሲሞን ማኑኤልና ካናዳዊቷ ፔኒ ኦሌክሲያክ እኩል 52.70 ገብተው ወርቁን ተካፈሉ። ማኑኤል በግል የዋና ውድድር የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ሰሌዳው ላይ ውጤቷን ስታይ ፊቷን ተመልከቱ፤ ደስታው ከማመን ቀድሞ አልመጣላትም። በኋላ ስትናገር ድሉ የእሷ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከእሷ በፊት ለነበሩትም እንደሆነ ገለጸች። «ከእሷ በፊት የነበሩት» ምን እንዳዩ ለመረዳት 1964ን ማስታወስ ይበቃል፦ ፍሎሪዳ፣ ሴንት ኦገስቲን ውስጥ ጥቁሮችና ነጮች ተቃውሟቸውን ለመግለጽ አብረው የሆቴል ገንዳ ሲገቡ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ውሃው ላይ አሲድ ደፋበት። እንግዲህ የማኑኤል 52.70 አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የሚዋኘው፦ ውሃው የማን ነው?

የእኛም ትክክለኛ ጥያቄ ይኸው ነው። እዚህ ሀገር ገንዳ አትግባ የሚል ሕግ የለም፤ ገንዳው ራሱ ነው የሌለው። ያለውም በአብዛኛው የሆቴል ነው። የአዲስ አበባው ሒልተን ገንዳ የላሊበላን መስቀል ቅርጽ ይዞ፣ ከመሬት በሚወጣ ፍል ውሃ ይሞላል፤ ቆንጆ ነው፣ መግቢያውን ለከፈለ። እዚህ ጉራጌ አካባቢ ልጅ ዋና የሚማረው ወንዝ ላይ ነው። ዋቤ አለ፣ ወደ ጅማ ስትሄዱ ግቤ አለ። አስተማሪው ታላቅ ወንድም ነው፣ ፈተናው ሕይወት ነው። ሮቤል የዋኘባት ነሐሴ 3 እዚህ ወንዝ ሞልቶ የሚሄድባት ሰሞን ናት፤ እናቶች «ወንዝ እንዳትወርድ!» ብለው የሚጮኹባት። በየክረምቱ «ውሃ ወሰደው» የሚል ወሬ እንሰማለን፤ እናዝናለን፣ እንቀብራለን፣ እንረሳለን። ዋና ለእኛ ከሜዳሊያ በፊት በሕይወት የመመለስ ጉዳይ ነው።

ጉራጌ ጀፎረ አለው። ላላያችሁት፦ በመንደሩ መሀል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ ነው። ለቅሶ ይወጣበታል፣ ሠርግ ያልፍበታል፣ ከብት ይግጥበታል፣ ልጅ ይሮጥበታል። ማንም እየገፋ እንዳያጥረው ሽማግሌና ባህላዊ ሥርዓት ይጠብቀዋል። አንድ ልጅ እግሩ ፈጣን መሆኑን የሚያውቀው እንዲህ ያለ የጋራ ቦታ ስላለ ነው። የመላው ሀገሪቱ የሩጫ ታሪክም እዚህ ላይ የቆመ ይመስለኛል። ለመሮጥ መሬት ይበቃል፣ መሬቱም የሁሉም ነው። ሮቤል ከዋኘ ከሦስት ቀን በኋላ፣ በዚያው ሪዮ፣ አልማዝ አያና የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰንን 29:17.45 ሮጣ ስትሰብር ከኋላዋ አንድ ሀገር ሙሉ ጀፎረ ነበር። ሮቤል ከኋላው ምን ነበረው? አባቱ። ሩጫ ጀፎረ አለው፤ ዋና ጀፎረ የለውም። የጋራ ቦታ በሌለበት ዘመድ ያለው ብቻ ነው የሚገባው። የምንቀልድበትን ሁኔታ የፈጠረው ይህ ነው፣ ቦርጭ ያመጣው አይደለም።

«ዋና የእኛ አይደለም፣ ሩጫችን ይበቃናል» የሚለው ክርክር ወንዝ አያሻግርም። ሀፍናዊ አፍሪካዊ ነው። ከእሱ በፊት ሌላው ቱኒዚያዊ ኡሳማ ሜሉሊ በ2008 የ1500 ሜትር፣ በ2012 ደግሞ የ10 ኪሎ ሜትር ወርቅ ወስዷል። የዚምባብዌዋ ከርስቲ ኮቨንትሪ በሁለት ኦሊምፒኮች የ200 ሜትር የጀርባ ዋና ወርቅን ጨምሮ ሰባት ሜዳሊያ ሰብስባ፣ በ2025 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆና ተመርጣለች፤ የመጀመሪያዋ ሴት፣ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት። ከአፍሪካ ዋናተኛ ይወጣል። የሚወጣው ግን ገንዳ ካለበት ነው።

ሮቤል ከውድድሩ በኋላ ለጋዜጠኞች የተናገረው ነገር ከሳቁ በታች ተቀብሮ ቀርቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁሉም ይሮጣል፣ እኔ ግን መሮጥ አልፈለግኩም፣ ዋናተኛ መሆን ፈለግኩ የሚል ሐሳብ ነበር። ማን ይናገረው ማን፣ ይህ ፍላጎት የሚያስቅ አይደለም። ሁሉም በተሰለፈበት መንገድ አልሰለፍም ያለ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ፍላጎት ነው። የሚያሳዝነው ይህን ምኞት እስከ ሪዮ ይዞ መሄድ የቻለው በር የሚከፍትለት ሰው ያለው ልጅ መሆኑ ነው። ዋቤ ዳር ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ የሚሻገረው ልጅ ያው ምኞት ሊኖረው ይችላል። ሰዓቱን የያዘለት ግን የለም።

ከሪዮ በኋላም ኢትዮጵያ ወደ ቶኪዮም ወደ ፓሪስም ዋናተኛ ልካለች። ሎስ አንጀለስ 2028 እየመጣ ነው፣ ያኔም አንድ ቪዲዮ ስልካችን ላይ መድረሱ አይቀርም። ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፦ ይህ ልጅ ወይም ይህች ልጅ በምን ውድድር፣ በምን ሰዓት ተመረጡ? ሁለተኛ፦ ዋና የት ተማሩ፣ እዚያስ ሌላ ማን መግባት ይችላል? የመጀመሪያውን ፌዴሬሽኑ ይመልስ። ሁለተኛው ከንቲባውንም፣ ትምህርት ቤቱንም፣ እኛንም ይመለከታል። ቦርጩን ለባለቤቱ ተዉለት።