«ሲስተም የለም»

ባለፈው ወር እናቴን ይዤ አንድ ባንክ ሄድኩ። መድኃኒቷ አልቆ ነበር። ተራችን ደርሶ መስኮቱ ጋ ስንቆም ልጅቷ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» አለችን። መቼ ይመጣል? «አይታወቅም።» እናቴ ወደ እኔ ዞራ «አንተ የምትሠራው ይሄንን አይደል እንዴ?» አለች። ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ አዎ፣ የምሠራው ይሄንን ነው። መድኃኒቱን በራሴ ብር ገዛሁላት፤ ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ቤት ገባ።

«ሲስተም» ከእንግሊዝኛ የተዋስነው ስም ነው። እንግሊዝኛም በተራው ከግሪክ ያገኘው ሲሆን፣ ሥሩ «አብሮ መቆም» ማለት ነው፤ ብዙ ክፍሎች ተያይዘው እንደ አንድ ነገር ሲቆሙ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1632 ያሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ የሚያከራክረው ሁለቱን የዓለም «ሲስተሞች» ነው፤ የቶለሚንና የኮፐርኒከስን። ልብ በሉ፣ ያኔ ሲስተም ባለቤት ነበረው። እንዲህ ነው ያለው ሰው በስሙ ይጠራል፣ ተሳስተሃል ሊባልም ይችላል። በኋላ ግን እንግሊዝኛ ራሱ ቃሉን ፊት አልባ አደረገው። «ሲስተሙ» ሲባል ማንም የማይዘው፣ ሁሉንም ግን የሚይዝ ኃይል ሆነ።

እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ የራሱን ሕይወት ጀመረ። «በሲስተም ንገራት» ስንል በዘዴ፣ ሳታስቀይም ማለታችን ነው። «በሲስተም ገባ» ስንል ሰልፉን ዘሎ፣ ሰው ይዞ። «ሲስተም የለም» ስንል ደግሞ ዛሬ አትስተናገዱም። የሚገርመው፣ ሁለተኛው ሲስተም ሦስተኛው በሌለበት ቀን እንኳ ይሠራል። የውስጥ ሰው ያለው ጉዳዩን ጨርሶ ይወጣል።

ለዚህ ሁሉ የቆየ ቃል ነበረን፦ ሥርዓት። ሥርዓተ ፀሐይ፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ ሥርዓተ ነጥብ እንላለን። ከግእዙ «ሠርዐ» የመጣ ነው፤ ደነገገ፣ አደራጀ። በውስጡ አድራጊ አለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ሠራዒ ካህን» የሚባል አለ፤ አገልግሎቱን የሚመራው ሰው ማለት ነው። ሕፃን ሲረብሽም «ሥርዓት ያዝ!» እንለዋለን። ሥርዓት ሰው ላይ የሚያርፍ ግዴታ ነው። «ሲስተም ያዝ» የሚል እናት ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ሥርዓት ድሮ ሰፍኖ ነበር፣ ቃሉ መጥቶ አበላሸው እያልኩ አይደለም። ድሮም ሕዝብ ይጉላላ ነበር። ያኔ የሚባለው ግን «ኃላፊው የሉም፣ ስብሰባ ላይ ናቸው» ነበር። የሚጠፋው ሰው ነበር፤ ሰው ደግሞ ይጠበቃል፣ ኮሪደር ላይ ይያዛል፣ ይለመናል፣ ይወቀሳል። ሲስተምን ማን ኮሪደር ላይ ይይዘዋል?

ከሙያዬ የማውቀውን ልናገር። «ሲስተም የለም» ምክንያት አይደለም። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልተሞላለት ይሆናል። መስመር ተቆርጦ ተጠባባቂ መስመር አልተገዛ ይሆናል። ሰርቨሩ ሞልቶ የሚያየው አልተመደበ ይሆናል። ኔትወርክ ሲጠፋ በወረቀት የምንሠራበት መንገድ ይኑር ብሎ ያሰበም የለ ይሆናል። እያንዳንዱ «አል» ጀርባ የወሰነ ወይም መወሰን የነበረበት ሰው አለ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ እሱን አታውቀውም። የተሰጣት ቃሉ ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቁጣውን የምትቀበለው ግን እሷ ናት።

ለሰው ብቻ አልፈርድም። እኛ ፕሮግራመሮች ስህተቱ ምን እንደሆነ ለይተን መጻፍ ሲሰለቸን ለሁሉም የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር እንለጥፋለን፦ «የሲስተም ችግር አጋጥሟል፣ እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ።» እኔም ጽፌዋለሁ፤ ያውም ለምሳ ልወጣ ስቸኩል። ምን ያህል ይቆዩ? ምን አጋጠመ? ገንዘቤ ወጣ ወይስ አልወጣም? ዓረፍተ ነገሩ ትሁት ነው፣ ምንም ግን አይናገርም።

ከባንኩ በተመለስን ሳምንት ያችን ዓረፍተ ነገር ኮዳችን ውስጥ ፈለግኳት። አሥራ አራት ቦታ ተገኘች። ሦስቱን ቀየርኩ፦ «ገንዘብዎ አልተቀነሰም፤ ከሌላው ባንክ መልስ እየጠበቅን ነው» የሚል አደረግኩ። የቀሩትን ለመቀየር ግን ያ ነገር ሲበላሽ የሚመለከተው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። አለቃዬን ጠየቅኩት። «ለጊዜው ሲስተሙ እንዲህ ነው» አለኝ።