«ጌሾ» እና «ሆፕ»፦ ስለ አንድ አቻ ቃል የቀረበ ሒስ

ለቢራ መራራ ጣዕም የሚሰጠውን ሆፕ «ጌሾ» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው። ሁለቱም መጠጥ ስለሚያመርሩ፣ ነገሩ ከጠመቃ እስካልወጣ ድረስ ስያሜው ብዙ አያሳስትም። ጉድለቱ የሚገለጸው ጽሑፉ ወደ ጓሮ ሲዘልቅ ነው። «ጌሾው 5 ሜትር ያህል እንዲወጣ ገመድ ዘርጉለት፤ ሲደርስም ከሥሩ በላይ ቁረጡት» የሚል ትርጉም ያነበበ ባለጓሮ ምን ይበል? ቃሉን አምኖ ቢፈጽመው የዓመት ቅጠሉን ያጣል።

ጌሾ (ራምኑስ ፕሪኖይደስ) በራሱ ግንድ የሚቆም፣ ቅጠሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ነው፤ የሚፈለገውም ቅጠሉና እንጨቱ ነው። ሆፕ (ሁሙሉስ ሉፑሉስ) ግን ሐረግ ነው። በግንዱ ሻካራ ጠጉር እየተያዘ በድጋፉ ላይ ይጠመጠማል፤ በብርድ ወራት እስከ መሬት ደርቆ በፀደይ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ለጠመቃ የሚለቀመውም የሴቴው ተክል አበባ ነው። በዝምድናም ቢሆን ሆፕ ከካናቢስ ቤተሰብ ሲመደብ፣ ጌሾ ከዚያ ውጭ ነው።

እንግዲህ የአገልግሎት መመሳሰል ብቻውን ለአቻነት አይበቃም። በዕፀዋትና በእርሻ ጽሑፎች «ሆፕ» የሚለው የውሰት ቃል እንዲጸና፣ ማብራሪያ ሲያስፈልግ «የቢራ ሐረግ» እንዲባል፣ «ጌሾ» ግን ለባለቤቱ ለቁጥቋጦው እንዲተው ሐሳብ አቀርባለሁ።