ውኃ ልክ

ጥር ነበር። ከሐይቅ ከተማ ተነሥቼ የቢስጢማን መንገድ ይዤ ወደ አርዲቦ ሐይቅ እወጣለሁ። አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ራቁቱን ቀርቷል፤ በክረምት ቡቃያው የሚሸፍነው የድንጋይ ሥራ ከግርጌ እስከ አናት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚተመው የጭነት መኪና ዋናውን አስፋልት ይዞ ስለሚያልፍ፣ እዚህ የምሰማው የካቴናዬን ድምፅና የራሴን ትንፋሽ ነው።

ዳገቱን በመኪና ደጋግሜ ወጥቼዋለሁ። ከመኪና መስኮት የሚታየው ሐይቁ ነው። በብስክሌት ሲሆን ግን ሐይቁ ሳይታይ በፊት የመንገዱ ሠሪ ይታወቃል። የቸኮለበት ቦታ፣ ያሰበበት ቦታ፣ ድንጋይ አልነሣ ብሎት የዞረበት ቦታ፣ ሁሉም በፔዳሉ በኩል ጭን ላይ ይደርሳል።

ኩርባውን ብቻ ልጥቀስ። የኩርባ ውስጠኛው ጠርዝ አጭር ነው፤ ያንኑ ከፍታ በአጭር ርቀት ስለሚወጣ ይከርራል። የውጭው ጠርዝ ረዥምና ገር ነው። ሸክም ያለባት አህያ ይህን ሳትማር ታውቀዋለች፤ ዳር ዳሩን ይዛ ትዞራለች። እኔም ተከተልኋት። ጥሩ መንገድ ሠሪ ኩርባው ላይ ሲደርስ ዳገቱን ያላላል፤ ወጪው ትንፋሹን እንዲሰበስብ፣ ወራጁም ፍሬኑን እንዲያመዛዝን ነው። ከፍ ስል አንድ እንዲህ ያለ ኩርባ አገኘሁ። ስገባበት እግሬ ቀለለኝ፤ መዞሬን ያወቅሁት ነፋሱ ከግራ ጉንጬ ወደ ቀኙ ሲሻገር ነው። ወርጄ ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። የላይኛው ቦይ ውኃውን ሰብስቦ በመንገዱ ሥር ባለ ቱቦ ያሳልፈዋል፤ ቱቦው አፍ ላይ ውኃው ሲወድቅ መሬቱን እንዳይቦረቡር ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፏል። እዚያ ቁጢጥ ብሎ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ የደረደረውን ሰው ባገኘው እጁን እስመው ነበር።

የዚህ አገር ሰው ጠመዝማዛ መንገድ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ሐረጎ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው። ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና ወራሪው ጣሊያን በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ለጦሩ ብሎ ሠራው። ለምን እንደተሠራ መርሳት አይገባም። የድንጋይ ድጋፉንና የኩርባውን ሥራ ግን እንደ ሥራ አይቼ ማድነቄን አልተውም፤ ድንጋዩን ከተሸከሙት መካከል የእኛ ሰዎችም ነበሩና። በሜዲትራንያን ዳርቻ ያሉ ኮረብታማ አገሮች የዚህ ጥበብ ባለቤቶች ናቸው። በስፔኗ ማዮርካ ደሴት አንቶኒዮ ፓሪየቲ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1932 ወደ ሳ ካሎብራ የሚወርደውን መንገድ ሲሠራ ዋሻ አልቦረቦረም። ቦታው ሲጠብበት መንገዱን በራሱ ላይ አዙሮ፣ በራሱ ድልድይ ሥር አሾለከው፤ ስሙም የክራቫት ቋጠሮ ተባለ። ዛሬ ብስክሌተኞች ያንን ቋጠሮ ለመውጣት ባሕር አቋርጠው ይሄዳሉ።

የእኛም ብስክሌተኞች ዳገት አያንሳቸውም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ከኩርባው ጥቂት እልፍ እንዳልሁ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። የግራር እሾህ ነው። ጎማውን ፈትቼ ካላማዳሪውን አወጣሁና ማስቲሽ ቀብቼ እስኪደርቅ ተቀመጥሁ። ቸርኬ፣ ካላማዳሪ፣ ካቴና፣ ማስቲሽ፣ ፓራፋንጎ፤ ብስክሌት ጠጋኞቻችን በየቀኑ የሚጠሯቸው እነዚህ ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ መጥተው የእኛ የሆኑ ናቸው።

ከመንገዱ በላይ አንድ አዛውንት የፈረሰ ካብ ይክቡ ነበር።

«አላህ ያበርታዎ፣ አባባ!»

«አሚን፣ ልጄ! አንተንም ያበርታህ። ምነው፣ ጎማ ነው?»

«እሾህ ነው።»

«አብሽር፤ ና ወዲህ ጥላ አለ።»

ከጥላው ሆኜ እጃቸውን ሳይ ማስቲሹ ከደረቀ ቆየ። ካብ ስሚንቶ የለውም፣ ጭቃም የለውም፤ የሚያቆመው የራሱ ክብደትና የካቢው ዓይን ነው። መጀመሪያ መሠረቱን ቆፈር አደረጉት፤ የመሠረቱንም ወለል ወደ ተራራው ጋደል አደረጉት። ትልልቆቹን ድንጋዮች እዚያ አስተኟቸው፤ እንዳይንሸራተቱ ወደ ውስጥ አጋድመው ነው። ከዚያ በላይ የሚመጣው ድንጋይ ሁሉ ከሥሩ ያሉትን የሁለቱን መጋጠሚያ መርገጥ አለበት። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ ከወደቀ ካቡ እዚያው ላይ ይተረተራል። በየመሐሉ አንድ ረዥም ድንጋይ ይመርጡና ፊቱን ብቻ ወደ ውጭ አስቀርተው አካሉን ወደ አፈሩ ይሰዱታል፤ ካቡን ከተራራው ጋር የሚያስረው እሱ ነው። ከኋላ ጠጠር ይሞላሉ። አንድ ድንጋይ ሲነቃነቅባቸው ትንሽ ሽብልቅ ከኋላ ይወትፉለታል፤ ከፊት የተወተፈ ሽብልቅ ክረምቱን አይዘልቅም። አንድ ድንጋይ አንሥተው ካገላበጡ በኋላ መልሰው መሬት ላይ አያስቀምጡትም፤ ቦታ ይፈልጉለታል። ድንጋዩ ደጋውን የገነባው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቅልጥ ሆኖ ፈስሶ የረጋ፣ ሲሰበር ፊትና ጠርዝ የሚያወጣ፣ ለካቢ እጅ የተመቸ።

ከጎናቸው ሁለት እኩል የተቆረጡ ዘንጎችና ሲባጎ ተቀምጠዋል። በሲባጎው መካከል ውኃ ልክ ይንጠለጠላል። ሁለት ሰው ዘንጎቹን ይዞ ይቆማል፤ ሦስተኛው አረፋውን ያያል። የእርከኑ መስመር በተራራው ወገብ ላይ የሚሰመረው እንዲህ ነው። አንዱ ጫፍ ዝቅ ካለ ጎርፉ ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰብና ካቡን ይንደዋል፤ ያ ጎርፍ ሲወርድ ደግሞ ከታቹ ያለውን እርከን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ይህን ሲያስረዱኝ ከታች ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትዝ አለኝ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል አለ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንዲት ፊደል ሳይጻፍበት ብራናው በወስፌ ይሰመራል፤ ያ መስመር ከተዛባ የተካነ እጅም አያቃናውም።

«በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ በስንዴ ነበር የምንክበው» አሉኝ። «ምግብ ለሥራ። ሜትሩ ይቆጠራል፣ ስንዴው ይሰፈራል። ካቡ ቆመ አልቆመ የሚጠይቅ አልነበረም። ያኔ የከብሁትን አብዛኛውን እኔው መልሼ ከብቼዋለሁ።»

በምሬት አላሉትም። እጃቸው ሥራውን አላቋረጠም።

የደረቅ ካብ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2018 ክሮኤሽያ፣ ቆጵሮስ፣ ፈረንሳይ፣ ግሪክ፣ ጣሊያን፣ ስሎቬንያ፣ ስፔንና ስዊዘርላንድ በጋራ አቅርበውት በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የኮንሶ እርከንም እ.ኤ.አ. በ2011 ተመዝግቧል፤ ይገባዋል። የዚህን አገር፣ የተሁለደሬንና የአምባሰልን ካብ ግን ለማየት ብሎ የሚመጣ እንግዳ አላጋጠመኝም። አምባሰል ሲባል ቅኝቱ ትዝ ይለናል፣ ተራራው ትዝ ይለናል። በተራራው ግርጌ እንደ ክራር አውታር የተዘረጉትን እነዚህን የድንጋይ መስመሮች ስንቶቻችን ቀና ብለን እናያለን?

የካቡ ነገር ለሐይቆቹም የሞት ሽረት ነው። ከአርዲቦ የሚተርፈው ውኃ ገዳሙ ወዳለበት ወደ ታችኛው ሐይቅ ይወርዳል፤ ከታችኛው ሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ከዚህ ተራራ የተነሣ አፈር መጨረሻው እዚያ ነው። ካቢውና መንገድ ሠሪው አንድ ሙያ እንዳላቸው የገባኝ ይህን ሳስብ ነው። ሁለቱም ውኃን ቀስ በል የሚሉ ናቸው፤ ያኛው በእርከን፣ ይኼኛው በቦይ። ውኃውን ቀስ ያሰኘ ዳገት ደግሞ ለእግርም ይመቻል።

ጎማዬን ነፍቼ ስነሣ ካቡን አመሰገንሁላቸው። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ካብ በበጋ አይመሰገንም» አሉ። «በሐምሌ ና።»

በሐምሌ ሄድሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባርቶ ነበር። አዛውንቱ በቦታው አልነበሩም፤ እርከኑ ላይ ያለው ማሽላ ጉልበቴ ደርሷል። በጥር የተከበው ካብ ፊቱ እርጥብ ነው። ከድንጋይና ድንጋይ መካከል ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ መዳፌን አስጠግቼ ተቀበልሁት። ጥርት ያለ ነበር። ወደ መንገዱ ቦይ ወርዶ፣ በኩርባው ቱቦ ውስጥ አልፎ፣ በተነጠፈው ድንጋይ ላይ እየተንኳለለ ወደ ሐይቁ ሄደ።