የወለቃ ሸክላና የእኔ ፕላስቲክ ጦረኞች

አቃቂ፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ ብዙም ሳይርቅ፣ በተከራየኋት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ጦረኞች አሉኝ። ቁመታቸው ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ማታ ማታ መብራት ካለ እነሱን ስቀባ አመሻለሁ። ወላጅ እናቴ ልትጠይቀኝ በመጣች ቁጥር ጠረጴዛዬን አይታ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብላ ታልፋለች። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው በአሻንጉሊት መጫወቱ ለእሷ አይገባትም። ለእኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። እንግሊዝ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ፣ ልጆቹ አድገው የተዉትን አንድ ከረጢት ሙሉ የፕላስቲክ ጦረኛ ይዞልኝ መጣ። በነጮቹ አገር ይህ የአዋቂም ጨዋታ ነው። ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1913 የአሻንጉሊት ወታደሮች ውጊያ ደንብ የያዘ መጽሐፍ አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ1975 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ጌምስ ወርክሾፕ ደግሞ በ1983 ዋርሃመር የተባለውን የተረት ዓለም ጦርነት ለገበያ አቀረበ። ምስሎቹ መጀመሪያ ከብረት ይቀልጡ ነበር፤ በኋላ ፕላስቲኩ እየበዛ ሄደ። ገዢው ቁርጥራጩን ገዝቶ ራሱ ይገጣጥማል፣ ራሱ ይቀባል። ሲያረጅበትም የድሮውን ቀለም አሟሙቶ ያጥባል፤ የአንዱን ክንድ ቆርጦ ለሌላው ይቀጥልና ከአሮጌው ሰው አዲስ ሰው ያወጣል።

እኔም እንደዚያው አደረግሁ። የመጀመሪያውን በጥፍር ቀለም ቀባሁትና ፊቱ ቀልጦ ቀረ። ለካስ የጥፍር ቀለም ፕላስቲክ ይበላል! ከዚያ ወዲህ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም በውሃ እያቀጠንኩ፣ ከብሩሽ ላይ ጥቂት ፀጉር ብቻ አስቀርቼ መቀባት ተማርኩ። የአንዱን ድንክ መጥረቢያ በምላጭ ቆርጬ የሽቦ ጦር አስያዝኩት። ከለስላሳ ቆርኪ ጋሻ ሠራሁለት። ከፍየል ቆዳ ቁራጭ ጎፈር አለበስኩት። የዓድዋ አርበኛ መሆኑ ነው።

እስቲ ሥራዬን ራሴ ልተቸው። አርበኛው አልሆነም። ጎፈሩ የእኛ ነው፤ አቋሙ የእነሱ። እግሮቹን አንፈራጦ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚቆመው ሰው ኖቲንግሃም ውስጥ የተቀረጸ ጎረምሳ እንጂ ጋሻውን ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ፣ አቀበት የሚወጣ የአገሬ ገበሬ አይደለም። ልብስ መለወጥ ይቻላል፤ አካል ግን የቀራጩን አገር ያስታውሳል። ከዚህ ሙከራ ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት ይኼ ነው። ዓይኔን ከጠረጴዛው ወደ መደርደሪያዬ እንዳነሳ ያደረገኝም እሱው ነው።

መደርደሪያው ላይ ከጎንደር ያመጣኋት አንዲት የወለቃ ሸክላ አለች። እንስራ ያዘለች ሴት ናት። ወለቃ ከጎንደር በስተ ሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ የምትገኝ መንደር ስትሆን፣ ለብዙ ዘመን የቤተ እስራኤል መኖሪያ ነበረች። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ይሸምናሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ርስት የተነፈገ ሕዝብ በእጁ ሙያ ኖረ። ጀበናውና ማሰሮው ጥንታዊ ሲሆን ትንንሾቹ ምስሎች ግን የተስፋፉት ባለፈው መቶ ዘመን፣ የውጭ ጎብኚ ወደ ጎንደር መምጣት ከጀመረ በኋላ ነው። አንበሳው፣ መጽሐፍ የያዘው ቄስ፣ ልጅ ያዘለችው እናት፣ በአንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን የተኙት ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ የታወቁ ናቸው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ስመለከት የታየኝ ልዩነት እንዲህ ነው። የፕላስቲኩ ጦረኛ ሁሉም ነገር አለው። ጡንቻው፣ የቀበቶው ዘለበት፣ የጥርሱ ቁጥር ሳይቀር ተቀርጾለታል። ለተመልካቹ የተተወለት ሥራ የለም። የወለቃዋ ሴት ግን ዓይኗ በስንጥር የተወጋ ቀዳዳ ነው፤ አፍንጫዋ በሁለት ጣት ቁንጥጥ ተደርጎ የወጣ ሸንተረር ነው፤ እግሮቿ ቀሚሷ ውስጥ ቀርተዋል። ቀለም አልነካትም። እሳቱና ጭሱ አጥቁረዋታል። ሆኖም ከወገቧ ጎንበስ ስትል የእንስራው ክብደት ይሰማል። ሠሪዋ እንስራ በጀርባዋ ተሸክማ የምታውቅ ሰው መሆኗን ለማወቅ ማስረጃ አያስፈልገኝም። ሸክሙ ከውጭ ታይቶ ሳይሆን በወገብ ታውቆ የተሠራ ነው።

ምስሎቹ ሁሉ እንደዚህች ሴት አይደሉም። ሥራ የሚሠሩት፣ የሚፈጩት፣ የሚሸከሙት፣ የሚያጠቡት ሕይወት አላቸው። ሰሎሞንና ሳባ ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አብዛኛውን ጊዜ ጎብኚውን ፈገግ ለማሰኘት የተጋገሩ ሁለት ራሶች ናቸው። ምክንያቱም ገዢው ያንኑ ደጋግሞ ይጠይቃል። እዚህ ላይ አንድ የተገለበጠ ነገር አለ። ፋብሪካ በሺህ አባዝቶ አንድ ዓይነት ያደረገውን ጦረኛ፣ የሚቀባው ሰው ለየብቻ ያደርገዋል። እጅ ለየብቻ የሠራውን ሸክላ ደግሞ ገበያ አንድ ዓይነት ያደርገዋል።

በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ኋላም ከግንቦት 16 እስከ 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ ሲወሰዱ የወለቃ ሰዎችም አብረው ሄዱ። ሙያው ግን ጨርሶ አልሄደም። ከሄዱት መካከል እስራኤል ውስጥ ሸክላውን የቀጠሉ ሴቶች አሉ፤ ወለቃም ውስጥ ክርስቲያን ጎረቤቶች ያንኑ ጭቃ አንስተው፣ ባለ ስድስት ማዕዘኑን ኮከብ ሳይቀር እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጣሉ። «እንግዲህ ይህ ማስመሰል ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሸክላ መሥራት ነውር በነበረበት አገር የጎረቤትን ጭቃ በእጅ ማንሳት ቀላል ነገር አይደለም። ጥፋት ካለ የሠሪዋ ሳይሆን ከኮከቡ ሌላ ማየት የማይፈልገው የገዢው ነው።

ስለ ነውሩ ከተነሳ የራሴን ልናገር። ልጅ ሳለሁ እናቴ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ደምቢያ ወሰደችኝ። አንዲት ሸክላ ሠሪ ሴት ድስት ልትሸጥ መጥታ፣ ከትርፍ ጭቃ የሠራቻትን አንዲት በሬ በእጄ አኖረችልኝ። እናቴ ነጥቃ ወደ አጥሩ ወረወረቻት። «የቡዳ እጅ ነው» አለችኝ በጆሮዬ። የድስቱን ዋጋም በእጇ አልሰጠቻትም፤ መሬት ላይ አስቀመጠችላት። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ ያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት አልፎት ነበር። በዚያው ድስት ግን ወጥ ሠርተን በላን።

እናቴን ለመክሰስ አይደለም። ባለፈው ሰሞን የአንዱን ጦረኛ አሮጌ ቀለም ሳጥብ፣ ከእግሩ በታች በቀጭን ብሩሽ የተጻፈ የሰው ስም አየሁ። የቀቢው ስም መሆኑ ነው። ልጅ ይሁን አዋቂ አላውቅም። የታጠቡትን ሰባቱን አገላብጬ ባይ ምንም የለባቸውም፤ ስሙን እኔው አሟሙቼዋለሁ። ወዲያው ተነሳሁና የወለቃዋን ሴት ከመደርደሪያው አውርጄ ገለበጥኳት። ከታች ጭስ ብቻ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። መጥታ ሸክላዋን ተቀበለችኝ። በእጇ! እያገላበጠች አየቻትና «ማን ሠራት?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ወለቃ መንገድ ዳር ከሻጯ ጋር ለሃያ ደቂቃ ያህል ዋጋ ተከራክሬ፣ ከጠራችው ግማሹን አስቀንሼ ገዝቻታለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሻጯን ስም አልጠየቅሁም፤ ራሷ ትሥራት ሌላ ሰው አላጣራሁም። ስለ ሥነ ጥበብ የምንጽፍ ሰዎች የሠዓሊን ስም በሸራ ጥግ መፈለግ ለምደናል። ሸክላ ላይ ስንደርስ ግን «የወለቃ ሥራ» ብለን በመንደር ስም እናልፋለን። እናቴ ገንዘቡን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ እኔ በእጅ ሰጠሁ። ከዚህ በቀር በመካከላችን ያለው ልዩነት እኔ እስካሁን የመሰለኝን ያህል አይደለም።

የቀሩትን ጦረኞች ከማጠቤ በፊት ከእግራቸው በታች ያለውን ስም በደብተር እየገለበጥኩ ነው። ወለቃም ዳግመኛ ስሄድ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ነገር አለኝ።