የማይጮኸው ውሃ

በተራራ ወንዝ ላይ በጎማ ጀልባም ሆነ በካያክ ለመቅዘፍ የሚነሳን ሰው መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ጩኸቱ ነው። ከመታጠፊያው ወዲያ የሚያጓራው ውሃ ገና ሳይታይ ጉልበት ያብረከርካል። ጀማሪው ፍርሃቱንም ጥንቃቄውንም ጠቅልሎ ለዚያ ጩኸት ይሰጣል፤ ድምፁ ጋብ ሲል ደግሞ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ወሬ ይጀምራል። የዚህ ሙያ ዋና ትምህርት ይህን ልማድ መገልበጥ ነው ብዬ አምናለሁ። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአገራችን አባባል ለቀዛፊ ቃል በቃል የሚሠራ መመሪያ ነው፤ ከሚጮኸው ይልቅ ድምፁን አጥፍቶ የሚሠራው ውሃ ሊፈራ ይገባዋል።

ምክንያቱን ለማየት ውሃው ጉልበቱን የት እንደሚያውለው መከታተል ይበቃል። በጥልቅ መውረጃ ላይ የተሰለፉ ትልልቅ ሞገዶች የሚያገሱት ከፍጥነታቸው ያገኙትን ኃይል ወደ ላይ እየወረወሩ ስለሚበትኑት ነው። ጀልባዋን ያነሷታል፣ መልሰው ያፈርጧታል፣ አንዳንዴም ይገለብጧታል፤ የወደቀውን ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንዙ ተሸክሞ ከታች ወዳለው የረጋ ውሃ ያደርሰዋል። ዳር ላይ የወደቀ ዛፍ ሌላ ነው። ውሃው በቅርንጫፎቹ መካከል ያለ ብዙ ድምፅ ሾልኮ ያልፋል፤ ሰው ግን ወንፊት ላይ እንደቀረ ገለባ እዚያው ይያዛል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ያህል ይመዝናል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ያንን በክንድ ጉልበት ገፍቶ መውጣት ዘበት ነው።

አለትም እንዲሁ ነው። ውሃው ፊቱን መትቶ የሚነጥርበት አለት ከፊቱ ያበጠ ነጭ አረፋ ስለሚከምር ከሩቅ ይለያል፤ የሚነጥረው ውሃ ጀልባዋንም በመጠኑ ይመልሳታል። የሚያሰጋው ያ እብጠት የሌለው አለት ነው። ፈጣን ውሃ በቀጥታ እየሄደበት ከፊቱ ምንም ካልተከመረ፣ ውሃው ከሥሩ በተቦረቦረው ጉድጓድ እየገባ ይሆናል፤ ውሃ በገባበት ደግሞ ሰውም ሊገባ ይችላል። እግር የሚያሲዘውም ጥልቁ ሳይሆን ከጉልበት እስከ ወገብ የሚደርሰው ውሃ ነው። ከጀልባ የወደቀ ሰው እግሩ መሬት ሲነካ ለመቆም ይሞክራል፤ እግሩ በሁለት ድንጋይ መካከል ይሰነቀራል፤ ከኋላ የሚመጣው ግፊት በፊቱ ይደፋዋል። በጀርባ ተኝቶ፣ እግርን ወደ ወራጁ አቅጣጫ አንስቶ መንሳፈፍ የመጀመሪያው ትምህርት የሆነው ለዚህ ነው። ሰው የሠራው ዝቅተኛ ክትር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ከላይ ለሚመጣ ቀዛፊ ወንዙን ያቋረጠ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ይመስለዋል፤ ከሥሩ ግን ከዳር እስከ ዳር ወደ ኋላ የሚጠቀለል ውሃ አለ፣ በጎን የሚሾለክበት ክፍተት የለውም።

የአገራችን ወንዞች ታሪክም ከዚህ ጋር ይስማማል። በ1968 እ.ኤ.አ. በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የብሪታንያ ጦር ቡድን በጎርፉ ወቅት ዓባይን ሲወርድ በሞት ያጣው አባል የሰጠመው በዓባይ ሞገድ ላይ ሳይሆን አንድ ገባር ወንዝ ሲሻገር ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. ኦሞን የወረዱት አሜሪካውያን ድርጅታቸውን «ሶቤክ» ብለው በጥንታዊ ግብፅ የአዞ አምላክ ስም ሰይመውታል፤ አዞና ጉማሬ የሚያዘወትሩት ደግሞ የሚፈላውን ውሃ ሳይሆን በመካከሉ ያለውን የረጋውን ነው።

«ታዲያ ትልቁ ውሃ አይገድልም?» ይባል ይሆናል። ይገድላል፤ በተለይ ክረምቱ በርትቶ ወንዙ ማረፊያዎቹን ሲውጥ የወደቀ ሰው ትንፋሽ ሳያገኝ ረጅም መንገድ ይወሰዳል። ይህ አደጋ ግን ራሱን ከሩቅ ያሳውቃል፤ ወርዶ ማየትም፣ ጀልባ ተሸክሞ በዳር ማለፍም ይቻላል። ከአንድ እስከ ስድስት ያለው የወንዝ ደረጃ በቂ ነው የሚሉም አሉ። ደረጃው በዋናነት ውሃው ምን ያህል የቀዘፋ ችሎታ እንደሚጠይቅ ይናገራል፤ ትናንት ማታ የወደቀውን ዛፍም ሆነ ዛሬ የጨመረውን ውሃ አያውቅም። ደረጃ ሁለት በተባለ ወንዝ ላይ የተጋደመ ግንድ ከደረጃ አራት ሞገድ ሊከፋ ይችላል። የመንሳፈፊያ ጃኬትና ሄልሜትም ግድ ናቸው፤ ጃኬቱ ግን ያንሳፍፋል እንጂ ከግንድ ሥር ጎትቶ አያወጣም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ደስታውን ይገድለዋል ለሚሉ ደግሞ መልሴ አጭር ነው፤ ጥንቃቄው ወደ ትክክለኛው ቦታ ሲዞር፣ ቀዛፊው ሲፈራው በነበረው ሞገድ ላይ በሙሉ ልቡ ይጫወታል። ስለዚህ ጀማሪ የሚያስተምር ሰው ከመቅዘፊያ አያያዝ በፊት ዳር ላይ አቁሞ ሦስት ጥያቄ ቢያስለምደው ይበጃል፦ ይህ ውሃ ወዴት ይሄዳል? በምን ውስጥ ያልፋል? የወደቀ ሰውስ በየት ይወጣል? ለሦስቱ መልስ ያላገኘ ቡድን፣ ውሃው የቱንም ያህል የዋህ ቢመስል፣ ጀልባውን ተሸክሞ በእግሩ ይለፍ።