ዝም ያለ ጥርስ የዳነ ጥርስ ነውን?
«ነገ ለሚወልቅ ጥርስ ይህን ያህል መድከም ለምን ያስፈልጋል?» የሚለው አነጋገር ከወላጆች ብቻ ሳይሆን ከአንዳንድ ሐኪሞችም አፍ ይሰማል። ነገሩ ግን ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ከ20ዎቹ የወተት ጥርሶች መካከል የኋለኞቹ መንጋጋዎች ልጁ ከ10 እስከ 12 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ቦታቸውን ይጠብቃሉ። ያለ ጊዜያቸው የተነቀሉ እንደ ሆነ፥ በ6 ዓመት ገደማ ከበስተኋላ የሚበቅለው ቋሚ መንጋጋ ወደ ፊት እየተገፋ የተተኪውን ጥርስ ቦታ ይሻማል። የተተኪውም ቡቃያ የሚገኘው በወተት መንጋጋው ሥሮች መካከል ስለ ሆነ፥ እዚያ የተጠራቀመ መግል ገና ያልወጣውን ጥርስ ሊያበላሸው ይችላል። (በአገራችን በብዙ ስፍራ የወተት ጥርስ የተቅማጥና የትኩሳት ምክንያት ነው እየተባለ ድድ ሳይቀድ ተፈልፍሎ መውጣቱን ስናስብ፥ ለዚህ ጥርስ መሟገት የሐኪሞች ቅንጦት አለመሆኑ ይገባናል።)

እንግዲህ መበስበሱ ወደ ነርቩ ደርሶ፥ በሥሮቹ ውስጥ ያለው ነርቭ ግን ገና ጤነኛ ከሆነ፥ የላይኛው የነርቭ ክፍል ተቈርጦ ይወጣል፤ በቀረው ላይ መድኃኒት ይደረግና ጥርሱ በብረት ቆብ ይሸፈናል። በዚህ የሚከራከር የለም። ክርክሩ ያለው በመድኃኒቱ ላይ ነው።

ፎርሞክሬዞልን እ.ኤ.አ. በ1904 ለጥርስ ሕክምና ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም በክሊ ነበር። በውስጡ 19 በመቶ ፎርማልዴሃይድና 35 በመቶ ክሬዞል አለ። ፎርማልዴሃይድ ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ነገር መሆኑን ሁላችንም ከአናቶሚ ክፍል እናውቀዋለን። በጥርስ ውስጥም የሚሠራው ከዚያ የተለየ አይደለም፤ ነርቩን አይፈውሰውም፥ ያደርቀዋል። ልጁ ግን ማልቀሱን ይተዋል፥ ድዱም አያብጥም፤ በመዝገብም «ተሳክቷል» ተብሎ ይጻፋል። የእኛ ነቀፌታ የሚያርፈው በዚህ ቃል ላይ ነው። ሕመም መጥፋቱ አንድ ነገር ነው፤ በራጅ ሲታይ ሥሩና በዙሪያው ያለው አጥንት ደኅና ሆኖ መገኘቱ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ቍጥር የሚያጠቃልል ጽሑፍ አንባቢውን ያሳስተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ነገሮች ጋራ መደበው። ይህን ይዘው መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ የሚያወግዙት ወገኖች ግን ከመጠን አልፈዋል። ፍርዱ የተመሠረተው በተለይ በሥራቸው ምክንያት ለብዙ ዘመን በሚተነፍሱት ሰዎች ላይ ነው፤ በጥጥ ነክቶ ለጥቂት ደቂቃ ጥርስ ላይ ከሚደረግ ጠብታ ጋራ ማስተካከሉ ትክክል አይሆንም።

ጠንካራው መከራከሪያ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የኮክሬን ግምገማ 87 ሙከራዎችንና 7140 ጥርሶችን መርምሮ፥ በ1993 የታወቀው ኤም ቲ ኤ የተባለው ሲሚንቶ መሰል መድኃኒት ከፎርሞክሬዞል ይልቅ በሕመምም በራጅም በኩል ጥቂት ውድቀት እንዳለው አሳይቷል። የአሜሪካ የሕፃናት ጥርስ ሕክምና አካዳሚ በ2017 ያወጣው መመሪያ ግን ሁለቱንም አጥብቆ ደግፏል። ሁለቱን ስናነጻጽር ወደ ኤም ቲ ኤ እናደላለን፤ ነርቩን ሕያው አድርጎ ለማቆየት የሚጥር እርሱ ነውና። ዋጋው መክበዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዋጋ የሕክምና ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም። በግምገማው ከገቡት ሙከራዎች አብዛኞቹ ትንንሾችና በአንድ ስፍራ ብቻ የተደረጉ መሆናቸውም መታለፍ የለበትም።

የሆነ ሆኖ መድኃኒቱ የቱንም ያህል ቢመረጥ፥ ልጁን ያለ ምክንያት ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ጥርስ ለዚህ ሕክምና አይሆንም። ሕመሙ ወደ ሥሮቹ መውረዱን ያመለክታልና፥ ወይ የሥሮቹ ቦይ በሙሉ ተጠርጎ ከሥሩ ጋራ አብሮ በሚሟሟ ነገር ይሞላል፥ ወይም ጥርሱ ተነቅሎ ቦታውን የሚጠብቅ መሣሪያ ይደረጋል።