የአብራሪ መዝገብና ሦስቱ ሰዓቶች

የበረራ መዝገብ፣ በአብራሪዎች አነጋገር ሎግቡክ፣ አንድ አብራሪ የበረረውን ሁሉ በገዛ እጁ የሚያሰፍርበት ደብተር ነው። በአንዱ መስመር ላይ ቀኑ፣ የአውሮፕላኑ ዓይነትና የምዝገባ ምልክቱ፣ መነሻና መድረሻው ከነሰዓቱ፣ የዋና አብራሪው ስም፣ የማረፊያዎቹ ብዛትና ጸሐፊው በበረራው ላይ የነበረው ድርሻ ይገኛሉ። ሰው ስለራሱ የሚሰጠው ምስክርነት እንደመሆኑ ክብደት የሚያገኘው ከሌላ ጽሑፍ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። አውሮፕላኑ የራሱ ቴክኒካል ሎግ አለው፤ ትምህርት ቤቱ የሥልጠና ፋይል ይይዛል። ቀጣሪው አየር መንገድ ሁለቱን ማስመጣት ይችላል፤ አንዳንዱም ያስመጣል።

የበረራ ሰዓት ሲባል አየር ላይ የዋሉበት ጊዜ ብቻ አይደለም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ትርጓሜ፣ አውሮፕላኑ ለመነሣት ብሎ መጀመሪያ ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት አንሥቶ በረራው አብቅቶ እስኪቆም ያለው ነው። የአየር ኃይል አብራሪዎች ከዚህ የተለየ ልማድ ያላቸው በብዙ አገር ነው፤ ጎማው መሬት ከለቀቀበት እስከነካበት ብቻ የሚቆጥሩ አሉ። በዚህ መንገድ የተቆጠረ የውትድርና ሰዓት ይዞ ለመንገደኛ አየር መንገድ የሚያመለክት ሰው፣ ለእያንዳንዱ በረራ የተወሰኑ ደቂቃዎች እንዲጨምር የሚፈቅዱለት ቀጣሪዎች ይገጥሙታል። ጭማሪው ግን በማመልከቻው ላይ ለብቻው ተሰልቶ ይቅረብ እንጂ አሮጌው መስመር ተመልሶ አይነካም።

ጥቃቅን ከሚመስሉት ስሕተቶች ብዙ ሰዓት የሚበላው የነጥብ ነገር ነው። አንድ ሰዓት ተኩል በሰዓትና ደቂቃ 1፡30፣ በአስርዮሽ 1.5 ነው። 1.3 ተብሎ ከተጻፈ 12 ደቂቃ ጠፋ፤ መቶ መስመር ላይ ከተደገመ 20 ሰዓት። መዝገቡ ሲጀመር ከሁለቱ አንዱ ተመርጦ እስከ መጨረሻው በዚያው መጽናት ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ አብራሪ ደግሞ በሦስት ሰዓቶች መካከል ይኖራል። ወላጆቹ ቀኑን ከንጋት ይቆጥራሉ፤ የጉዞ ትኬት ከእኩለ ሌሊት ይነሣል፤ ሎግቡኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው ዙሉ በሚባለው ዓለም አቀፍ የጋራ ሰዓት ነው። ዙሉ የሚውለው በሁለቱ መሐል ነው፦ ከአገሬው ሰዓት በ3 ይቀድማል፣ ከትኬቱ ሰዓት በ3 ይዘገያል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን በትኬቱ 9፡00፣ በዙሉ 6፡00 ላይ ተነሥቷል። ይህ ቀላሉ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ሲሆን ትኬቱ 1፡00 ይላል፤ ዙሉ ግን 22፡00 ነው፣ ቀኑም ገና ትናንት ነው። እንዲህ ያለውን በረራ ከሳምንት በኋላ በትዝታ የሚሞላ ሰው በቀኑ መሳቱ አይቀርም፤ ተረኛ አብራሪ ደብተሩን በዚያው ዕለት መሙላት ያለበትም ስለዚህ ነው። «ሌሊት» ራሱ በመዝገቡ ላይ የተወሰነ ትርጉም አለው፦ ፀሐይ እንደጠለቀች አይጀምርም፤ የምሽቱ ውጋጋን ሲያበቃ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ጣጣ ከሰዓቱ ይብሳል፤ ከልደት ቀን ይጀምራልና። ታኅሣሥ 22 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የ2002 ልጅ ነው፤ በማግስቱ ታኅሣሥ 23 የተወለደው ደግሞ የ2003። በግምት 7 ወይም 8 እየደመሩ የሞሉት ቅጽ ከፓስፖርቱ፣ ፓስፖርቱ ከአብራሪነት ፈቃዱ ሳይገጥም ይቀራል። ስምም እንዲሁ ነው። ጫላ የሚባል ወጣት ስሙ በኦሮምኛው ቁቤ ሲጻፍ በ«ሲ» ፊደል ብቻ ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛው ልማድ ግን «ሲ» እና «ኤች» ይጣመሩለታል። የሁሩታ፣ የዴራ ወይም የአዳማ መታወቂያው በአንዱ፣ የትምህርት ማስረጃው በሌላው ሆኖ ቢገኝ አያስደንቅም። የውጭ አየር መንገድ ሠራተኛ ግን ሁለት ሰው ያያል። በሎግቡኩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስሙ በፓስፖርቱ ፊደል፣ እስከ አያት ድረስ፣ ከሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ መስፈር አለበት።

ቀጣሪ አተኩሮ የሚያየው የዋና አብራሪነትን ዓምድ ነው። ተማሪ ብቻውን የበረረው በረራ እዚያ ይገባል፤ ከአስተማሪ ጋር የበረረው አይገባም። ሁለት አብራሪ ግድ በሚልባት አውሮፕላን ላይ ረዳት ሆኖ የሠራ ሰው ሰዓቱ ወደ ከፍተኛው ፈቃድ ሙሉ በሙሉ ይቆጠርለታል። በአንድ አብራሪ እንድትበር የተፈቀደላትን፣ እንደ ሴስና ካራቫን ያለችውን አውሮፕላን መንግሥት በረዳት እንድትበር ካዘዘ ግን ከግማሽ በላይ አይቆጠርም። ረዳት ሳያስፈልግ በቀኝ ወንበር ተቀምጦ የሄደ መንገደኛ ነው። የአየር መንገድ ዋና አብራሪ ፈቃድ 1,500 ሰዓት ይጠይቃል፤ ወደዚያ ቁጥር የተጠጋ ሰው ላይ ሰዓት የማጋነን ፈተናው የሚከብደውም እዚህ ዓምድ ላይ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን 157 ሰዎች አለቁ። የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት የዋና አብራሪውን ሰዓት 8,122፣ የረዳቱን 361 ብሎ አሰፈረ። ሁለተኛው ቁጥር በውጭ አገር ብዙ ክርክር አስነሣ። ለማነጻጸር ያህል፣ በሁለት አብራሪ ቡድን ለመሥራት በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ፈቃድ ዝቅተኛው የሥልጠና መጠን፣ ሲሙሌተርን ጨምሮ፣ 240 ሰዓት ነው። አንድ አብራሪ የሚመዘግበው ሰዓት ራሱ መልስ መስጠት በማይችልበት ቀን በማያውቁት ሰዎች ፊት ይነበባል።

የተሳሳተ መስመር የሚታረመው አንድ ሰረዝ ተሰምሮበት፣ ትክክሉ አጠገቡ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት ነው። ፍሉድ የተቀባበት ገጽ ከስሕተቱ ይልቅ ጥርጣሬን ይጋብዛል። የየገጹ ድምር በሥር መስመር ይጻፋል፣ የዞረው ድምር በሚቀጥለው ገጽ አናት ይቀመጣል፤ አንድ ቦታ ከተዛባ የሚከተሉት ገጾች ሁሉ ተበላሹ። ሆን ተብሎ ለተጻፈ ሐሰት ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ ፈቃድ ያሰርዛል።

ማመልከቻ ከመሞላቱ በፊት ድምሩ አንድ ቀን ተቆርጦለት ይዘጋል፤ ቅጹም፣ ሎግቡኩም፣ ከቀድሞ አሠሪ የሚመጣው የሰዓት ማረጋገጫም በዚያ ቀን ይስማሙ ዘንድ። ቅጹ የሲሙሌተር ሰዓትን ከበረራ ለይቶ፣ ያለፉትን 12 ወራት ከጠቅላላው ለይቶ ሊጠይቅ ይችላል፤ ትርጓሜውም የቅጹ ነው እንጂ የአመልካቹ አይደለም። በቃለ መጠይቁ ዕለት ጠያቂው ማንኛውንም ገጽ ገልጦ ስለዚያ በረራ ሊጠይቅ ይችላል፤ በአስተያየት ዓምድ የተተወች አጭር ማስታወሻ፣ የአየሩ ጠባይ ወይም የሞተሩ ብልሽት፣ ያን ጊዜ ትጠቅማለች።

በኮምፒውተር የሚያዝ መዝገብ ድምሩን ያቀልላል፤ የአስተማሪው ፊርማ ያለበትን ወረቀት ግን አይተካም። ከሁሉ ይልቅ የሚጠፋው የመጀመሪያው ደብተር ነው፦ የተማሪነት ዘመኑ፣ የመጀመሪያው ብቸኛ በረራ የሰፈረበት። እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ተነሥቶ ከቤት ውጭ በሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ዋናው ወደ ቃለ መጠይቅ ሲሄዱ ከሻንጣ ጋር አይላክም፣ በእጅ ይያዛል።